«ለእሷ እንዳትነግሩብን»

ካንሰር ሕክምና ክፍል የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሐኪሙ ከታካሚዋ ክፍል ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቀው ሰው አለ። አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ ወንድም ነው፤ አንዳንዴም ከውጭ አገር በጥድፊያ የገባች ልጅ። የሐኪሙን ክንድ ይዞ ወደ መስኮቱ ጥግ ይወስደውና «ዶክተር፣ በእናትህ፣ ለእሷ እንዳትነግሩብን። ጨጓራ ነው በሏት» ይለዋል። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን ያየኛል። «ሲስተርዬ፣ አንቺም አደራ።»

ነርስ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ዎርድ ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ያንን አደራ መቀበል ይቅር ለማለት ነው። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። እህቱን ስለሚወድ ነው፤ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ ዓይኑ ቀልቷል። ነገር ግን ደብቁልኝ የሚለው ነገር የራሱ አይደለም። የታመመችው እሷ ናት። መርፌውም የሚወጋው እሷን ነው፣ ጸጉሩም የሚረግፈው የእሷ ነው። ታዲያ ውጤቱን ከእሷ በፊት የአጎቷ ልጅ፣ የእድሩ ዳኛና የሠፈሩ ባለሱቅ የሚያውቁት በምን ሕግ ነው?

ሁልጊዜ የምሰማው ምክንያት አንድ ነው፦ «ትደነግጣለች፤ ተስፋ ትቆርጥና ቀኗ ሳይደርስ ትሞትብናለች።» ይህን የሚሉኝ ሰዎች ሚስጥሩ ሚስጥር ሆኖ የሚቆይ ይመስላቸዋል። አይቆይም። ለዓመታት ያልጠየቃት ዘመድ ብርቱካን ይዞ አልጋዋ ሥር ሲቆም ታካሚዋ ምን የምታስብ ይመስላችኋል? በርስት ተጣልተው ሰላምታ ያቆሙ ወንድማማቾች አንድ ላይ ሲገቡስ? አንዲት ሴት «ሲስተር፣ በሽታው አላስፈራኝም። ባሌ ደግ ሆነብኝ፤ እሱ ነው ያስፈራኝ» ብላኛለች። እየሳቀች ነበር የነገረችኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን።

እኛ የጤና ባለሙያዎችም ከአስታማሚው አንሻልም። ካርድ ላይ «ካንሰር» ላለማለት «ሲኤ» ብለን እንጽፋለን። ጠዋት ራውንድ ላይ ተማሪዎች አልጋውን ከበው በእንግሊዝኛ ስለ ሴትየዋ ይነጋገራሉ፣ እሷ ደግሞ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ታያለች። «ሲኤ» የሚለውን ምሥጢራዊ ቋንቋ ጎን ያለችው ታካሚ ከፈታችው ቆይታለች፤ አዲስ የምትገባውን በመጀመሪያው ቀን ታስተምራታለች። ከዚህ የከፋው የፖስታው ነገር ነው። የፓቶሎጂ ውጤት በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ ለራሷ ለታካሚዋ ይሰጣታል፤ «ለሐኪምሽ አድርሺ» ትባላለች። ቀጠሮው ግን ከሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ፖስታውን ሳይከፍት የሚጠብቅ ሰው ካለ እሱ ሌላ ፍጥረት ነው። አንዲት እናት ከፍታ ለስምንተኛ ክፍል ልጇ ሰጠችው። ልጁ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛው ፊደል እየቆጠረ «ካርሲኖማ» የሚለውን አነበበላትና ስልኩ ላይ ፈለገው። ያን ቀን ሐኪሙ እሱ ነበር። ሐኪሙም ቤተሰቡም እኔም የሸሸነውን ሥራ አንድ የአሥራዎቹ ልጅ ብቻውን ሠራው።

«ባህላችን ነው፤ እኛ እንደ ፈረንጅ ፊት ለፊት አንናገርም» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ደግሞ መርዶን አነሳበታለሁ።

እስኪ አስቡት። አንዲት ሴት አባቷ አገር ቤት ሞቶባታል፤ ወሬው ማታ አዲስ አበባ ገብቷል። የሰማው ሰው ሮጦ አይነግራትም። መጀመሪያ ለቅርብ ዘመድ ይደውላል። ማን ይንገራት የሚለው ይመከርበታል፦ የምትሰማው ሰው፣ የምታከብረው ሰው፣ የንስሐ አባቷ፣ ደግሞም ስትወድቅ የሚይዝ ክንደ ብርቱ። እርጉዝ ናት? ልብ ሕመም አለባት? እራት በልታለች? በሌሊት አይቀሰቅሷትም፤ ትተኛ። ሊነጋጋ ሲል፣ ሥራ ሳትወጣ፣ ነጠላና ጋቢ የለበሱ ሰዎች በሯ ላይ ይሰበሰባሉ። ጎረቤቷም ተነግሯታል፤ ውኃ ይዛ ቆማለች፤ ልጆቹን ወደ ቤቷ ወስዳለች። በሩ ይንኳኳል። ከፍታ ፊቶቹን ስታይ ጉልበቷ ይከዳታል። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ነገር ሳያስረዝም፣ ሳይዞር «አባትሽ አርፈዋል» ይላል። በቃ። «ትንሽ አሟቸው ነበር» አይልም። ለቅሶው ይነሳል። ይይዟታል፣ ያስቀምጧታል፣ አብረዋት ይጮኻሉ። ድንኳኑ እየተተከለ ነው፤ ንፍሮው ተጥዷል። ሰዉ ውሎ አድሮ ሠልስቱን ይጨርሳል እንጂ ነግሯት አይበተንም።

ይህን ያበጀው ሕዝብ ክፉ ወሬ መናገር አያውቅም የሚለኝ ማን ነው? በዓለም ላይ ያለው በጣም መራራው እውነት፣ ለባለቤቱ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ፊት ለፊት ይነገራል። ሊታሰብበት የሚገባው ሁሉ ከዓረፍተ ነገሩ በፊትና በኋላ ታስቦበታል፤ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ግን አልተቀባባም። እኛ ሆስፒታል ውስጥ ያደረግነው የዚህን ግልባጭ ነው። በፊት የሚደረግ ዝግጅት የለም፣ በኋላ አብሮ የሚቀመጥ የለም፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ውሸት አለ።

ወደ ፈረንጆቹ ልመለስ፤ ስማቸው ተነሥቷልና። እነሱም ከጥንት ጀምሮ እንደዚህ አልነበሩም። በ1961 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ኦኬን የሚባል ሐኪም ቺካጎ ውስጥ ሐኪሞችን ሲጠይቅ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ለካንሰር ታካሚ በሽታውን አለመንገር እንመርጣለን ብለው መልሰዋል። ምክንያታቸውም የእኛው ታላቅ ወንድም ምክንያት ነው፦ ተስፋ ይቆርጣል። በ1979 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ጥያቄ ለሌሎች አሜሪካውያን ሐኪሞች ሲቀርብ 97 ከመቶው እንናገራለን አሉ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ የአሜሪካኖች ደም አልተለወጠም። መድኃኒቱ ተሻሻለ፤ ታካሚው ያላወቀውን ሕክምና ልፍቀድ ማለት እንደማይችል ሕጉ አጠበቀ፤ ሰውም «ገላዬ ነው» ማለት ጀመረ። የሚለወጥ ነገር ነው ማለት ነው።

ዛሬ ለሐኪሞች የሚሰጥ «ስፓይክስ» የሚባል ትምህርት አለ፤ ዋልተር ቤይል፣ ሮበርት በክማንና ባልደረቦቻቸው በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ስድስት ደረጃ አለው። ቦታውን አዘጋጅ፤ ታካሚው እስካሁን ምን እንደሚያውቅ ጠይቅ፤ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ፤ በግልጽ ቃል ንገር፤ ስሜቱን ተቀበል፤ ቀጥሎ የሚደረገውን አብራችሁ ተነጋገሩ። ሥልጠናው ላይ ተቀምጬ ስሰማ ጎኔ ላለችው ባልደረባዬ «ይሄማ መርዶ ነው» አልኳት። ሦስተኛው ደረጃ ብቻ ነው አዲስ የሆነብኝ፤ መርዶ ፈቃድ አይጠይቅም። ሌላውን ሠፈሬ ያሉ እድርተኞች ያለ ሰርተፊኬት ያስተምሩታል።

የመደበቅ ዋጋው ምን እንደሆነ የገባኝ በአንዲት እናት ነው። ከሰላሌ ገጠር የመጡ፣ ካንሰሩ ጉበታቸው ላይ የደረሰባቸው ሴት ነበሩ። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው «ጨጓራ» እንድንል አስምለውናል። አንድ ሌሊት ጉሉኮሳቸውን ልቀይር ስገባ አልተኙም። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ላሜ ልትወልድ ነው። ገበያ አሁን ጥሩ ነው ይላሉ። ልሽጣት ወይስ እስክትወልድ ልጠብቃት?»

ስለ ላም የማውቀው ነገር የለም። እሳቸውም ያውቁታል። የጠየቁኝ ዕድሜያቸውን ነው፤ የጠየቁት ደግሞ ለመፈላሰፍ ሳይሆን ሊወስኑበት ነው። ጠዋት ለሐኪሙ ነገርኩት። ወጣት ነው፣ ግን ልብ ያለው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ልንገርዎ?» አላቸው። «ሁሉንም። የምታመመው እኔ አይደለሁም እንዴ?» አሉት። ነገራቸው። አለቀሱ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ጥቂት ቆዩ። ሲገልጡት መጀመሪያ የጠየቁት የንስሐ አባታቸው በስንት ቀን ሊመጡ እንደሚችሉ ነው። በዚያ ሳምንት ላሟን ለትንሿ ልጃቸው አደረጉ፣ ከጎረቤት የነበረባቸውን የእህል ብድር አስቆጠሩ፣ በኩርፊያ የቆዩትን እህታቸውን አስጠሩ። ወንዶቹ ልጆች እኔን ሳምንቱን ሙሉ አኮረፉኝ። እናትየው ግን ኬሞውን ከማንኛውም ታካሚ በተሻለ ይዘውት ነበር፤ ለምን እንደሚወስዱት ያውቁ ነበራ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። «ጨጓራ ነው» የተባለ ሰው ሁለተኛውን ዙር ወስዶ ሕመሙ ሲቀልለት ምን ያደርጋል? ያቋርጣል። ለጨጓራ ብሎ ይህን ሁሉ ማስታወክ ማን ይችላል? ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከጠረፍ መጥቶ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ወረፋ መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ያንን ሁሉ መከራ ስሙን ባልነገሩት በሽታ እንዲታገስ መጠበቅ ግፍ ነው።

ሃይማኖታችንም በዚህ ነገር ከአስታማሚው ጋር አይደለም። ኦርቶዶክሱ ንስሐ ገብቶ፣ ቆርቦ፣ ቀንዲል ተቀብቶ መሄድ ይፈልጋል። ሙስሊሙ ዕዳውን ከፍሎ፣ ኑዛዜውን ተናግሮ፣ ከሰው ጋር ዐውፍ ተባብሎ መሄድ ይፈልጋል። ሁለቱም ጊዜ ይፈልጋሉ። ሕጉም እንዲሁ ነው፦ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመደበኛው አራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። ጨጓራ ያመመው ሰው አራት ምስክር አይጠራም። ከዚያ እሱ ሲያልፍ ወንድማማች ፍርድ ቤት ይገናኛል፤ ያኔ «ቢያውቅ ኖሮ» ይባላል።

ውሸቱ ደግሞ ሟቹን አልፎ ይሄዳል። የጡት እብጠት ይዛ የመጣች ወጣት «በቤተሰብ ካንሰር የያዘው ሰው አለ?» ስትባል «የለም» አለች። እናትሽ በምንድን ነው ያለፉት? «በጡት ቁስል።» ልጅቷ አልዋሸችም፤ የነገሯትን ነው የነገረችን። እናቷን ለማስታገሥ የተፈጠረ ቃል ልጅቷን ሊጠብቃት የሚችለውን ምርመራ ነጠቃት። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ይሰጣል። የበሽታው ስም በቤቱ ተነሥቶ የማያውቅ ወላጅ ግን «ምን ያደርግላታል?» ይላል። ቀድሞ የተገኘ የጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ ይድናል፤ የዳኑትም አሉ፣ ሲድኑ ግን ስሙን አይጠሩትም። ስለዚህ ሠፈር የሚያውቀው የሞቱትን ብቻ ነው፤ ቃሉም የሞት ቃል ሆኖ ቀረ።

መርዶን ያን ያህል ካመሰገንኩት በኋላ እሱም እየተበላሸ መሆኑን ዝም ብዬ አላልፍም። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን አሁንም በማለዳ ተሰባስበው፣ ከሥራ በፊት፣ በር አንኳኩተው ያረዳሉ፤ ደግ ሠሩ። ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራዋ ልጅ ግን ማንም አያንኳኳላትም። «ብቻዋን ናት፣ ምን ትሆናለች» ተብሎ ኮንትራቷ እስኪያልቅ መርዶው ይደበቃታል። «እማዬን አገናኙኝ» ባለች ቁጥር እናትየው ተኝተዋል፣ ጸበል ሄደዋል፣ ገበያ ወርደዋል። አንድ ቀን የሰፈሯ ልጅ ፌስቡክ ላይ የእናቷን ፎቶ ከነሻማው ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይጽፋል። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ታየዋለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ማቆየት ይገባኛል፤ አጠገቧ የምትቀመጥ የአገር ልጅ እስኪፈለግ ነው። ዓመት ማቆየት ግን ለእሷ ሳይሆን ለራስ ነው፤ ለቅሶዋን በስልክ መስማት ስለምንፈራ።

ደግሞ አለ በሌላ ወገን። «እኔ ግልጽ ሰው ነኝ» የሚል ሐኪም አለ። ተመላላሽ ክፍል፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ቀጣዩ ታካሚ አንገቱን አስግጎ፣ ኮምፒውተሩን እያየ፦ «ካንሰር ነው። ተሰራጭቷል። ይሄን ይዘሽ ካርድ ክፍል ሂጂ። ቀጣይ!» ይህ ሰው ግልጽ አልሆነም፤ ሸክሙን አራግፎ ነው የሄደው። መርዶ ነጋሪው በመስኮት «አባትሽ ሞቷል!» ብሎ ጮኾ ቢያልፍ ምን እንለው ነበር? ሌላም ሐኪም አለ፤ «ስድስት ወር ይቀርሃል» የሚል። እሱን ማን ነገረው? እንደ ነቢይ ቀን መቁጠርም ውሸት ነው። «ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፤ ነገር ግን ያለህን ጉዳይ አታሳድር» ማለት ይቻላል፤ ሰዉ ይገባዋል።

«እኔ መስማት አልፈልግም፤ ለወንድሜ ንገሩት» የሚሉም አሉ። ከሰማይ በታች መብታቸው ነው፤ አልከራከርም። ግን ይህን ማለት ያለባት ታካሚዋ እንጂ ወንድሟ አይደለም። ጠይቀናት ከመለሰች ካርዷ ላይ ይጻፍ፣ ይከበር። የማልቀበለው ሳትጠየቅ የተመለሰላትን መልስ ነው።

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። የሚዘጋ በር ያለው አንድ ክፍል፣ ሦስት ወንበር። የፓቶሎጂ ውጤት በታካሚ እጅ ዞሮ ሠፈር ከመግባቱ በፊት በቀጥታ ለሐኪሙ ይድረስ። ራውንድ ሲያበቃ ከተማሪዎቹ አንዱ ወደኋላ ቀርቶ በአማርኛ፣ ወይም በምትሰማው ቋንቋ፣ የተባለውን ይንገራት። አስታማሚው ደግሞ ጠላታችን አይደለም። «መደበቁ ይቅርና አንተው አብረኸን ተቀመጥ፤ እጇን ያዝ» ስንለው ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። ሌሊቱን ብቻውን ይዞት ያደረውን ነገር ማካፈሉ ለእሱም እፎይታ ነው።

ሕጉ እንደሆነ አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ታካሚ ተገቢው መረጃ ተሰጥቶት ሳይፈቅድ ሕክምና እንዳይሰጠው ደንግጓል። ቀዶ ሕክምናና ኬሞ ከመጀመሩ በፊት የሚፈረም ቅጽም አለ። ቅጾቹን እየገለጣችሁ ብታዩ ግን አእምሮዋ ሙሉ የሆነ፣ ማንበብና መጻፍ የምትችል ሴት አልጋ ላይ ተኝታ ፊርማው የወንድሟ ነው። ስለዚህ አሁን ቅጹን ይዤ የምሄደው ወደ ኮሪደሩ አይደለም፤ ወደ አልጋው ነው። ከመሄዴ በፊት ሐኪሙን «የበሽታውን ስም ነግረዋታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ካልነገራት ወንበር አምጥቼ አልጋዋ አጠገብ አስቀምጥለታለሁ። ኮሪደር ላይ ያለው ሰው ይቆጣል፤ ይቆጣ።